የሞተ ባትሪ፣ የሚከራይ መብራት፦ የ150 ቀን የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1

ዛሬ 40 የላፕቶፕ ባትሪ ገዛሁ። ሁሉም ሞቷል ተብሎ የተጣለ ነው። ያገለገለ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች በኪሎ መዝነው ሸጡልኝ።

ሐሳቤ ይኸው ነው። ከእነዚህ ውስጥ ደህና ደህናውን ሴል (ባትሪው ውስጥ የተደረደሩትን ትንንሽ ባትሪዎች) መርጬ የመብራት ሳጥን እሠራለሁ። የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰባቸው ወይም መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋባቸው ቤቶች ይጠቀሙበታል። ሥራው ደግሞ ራሱን መቻል አለበት። በዕርዳታ ተጀምሮ ገንዘቡ ሲያልቅ የሚዘጋ ነገር ብዙ አይቻለሁ። በዚያ ላይ አንድ መጨመር አልፈልግም።

ሐሳቡን ከባዶ አላመጣሁትም። እ.ኤ.አ. በ2014 ህንድ ውስጥ የሚሠሩ የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ተመራማሪዎች የተጣሉ የላፕቶፕ ባትሪዎችን ፈትነው ነበር። ከፈተኗቸው ቢያንስ 70 በመቶዎቹ አንድ የኤልኢዲ መብራት በቀን ከ4 ሰዓት በላይ ለአንድ ዓመት ማብራት የሚችሉ ሆነው ተገኙ። ኡርጃር ብለው የሰየሙትን መሣሪያ ሠርተውም ባንጋሎር ውስጥ ሞከሩት። ያን ካነበብኩ ጀምሮ የተጣለ ላፕቶፕ ባየሁ ቁጥር ልቤ አብሮ ይሄዳል።

ባትሪ መሥራቱን እችለዋለሁ ብዬ አስባለሁ። የሚያስጨንቀኝ ሌላው ነው። ማን ይከፍላል? ለምኑ ይከፍላል? መቼ ይከፍላል? የራሳቸውን ሥራ የጀመሩ ጓደኞቼ ዕቃውን አሳምረው ሠርተው የተሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ማስታወሻው የባትሪውንም የገንዘቡንም ነገር ይከታተላል።

ቀን 4

ሦስት ቀን ሙሉ ባትሪ ስከፍት ዋልኩ።

አንድ የላፕቶፕ ባትሪ ሲከፈት ውስጡ ብዙውን ጊዜ 6 ሴል ነው። ሁለት ሁለቱ ጎን ለጎን ይጣመዳሉ፣ ሦስቱ ጥንድ ደግሞ ተከታትለው ይያያዛሉ። 18650 ይባላሉ። ውፍረታቸው 18፣ ርዝመታቸው 65 ሚሊሜትር ስለሆነ ነው። ባትሪው ሞተ የሚባለው ብዙ ጊዜ ከሦስቱ ጥንድ አንዱ ሲደክም ነው። መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ያንን ሲያይ ሙሉውን ይዘጋዋል። አራት ደህና ሴሎች ከሁለት ደካሞች ጋር አብረው ቆሻሻ ውስጥ ይገባሉ።

ዛሬ አንድ ነገር ተማርኩ። ሴሎቹን የምታያይዘውን የኒኬል ቁራጭ በፒንሳ ስልጥ የፒንሳው አፍ የሴሉን ሁለቱንም ጫፍ በአንድ ጊዜ ነካ። ብልጭ አለ። የፒንሳው ጫፍ ላይ የሽንብራ ቅንጣት የምታክል ጉድጓድ ቀረች። ብረቱን እንደዚያ የበላ ነገር ጣቴን ምን ያደርገው ነበር? ወዲያው የፒንሳውን እጀታና አንገት በላስቲክ ጠቀለልኩ። ቀለበትና ሰዓት አወለቅሁ። ባልዲ ሙሉ አሸዋ አጠገቤ አስቀመጥኩ። ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ካለ ከቮልት መለኪያው (ከመልቲሜትሩ) በፊት አሸዋውን ያዘጋጅ።

ቀን 22

240 ሴል ነበረኝ። የዚህ ሥራ ግማሹ መምረጥ ነው።

መጀመሪያ ቮልታቸውን ለካሁ። ከ2 ቮልት በታች የወረዱት 61 ሆኑ። እንደገና ቻርጅ ሊይዙ ይችላሉ፣ ግን ውስጣቸው ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል አላመንኳቸውም። የቀሩትን 179 እስከ 4.2 ቮልት ሞላኋቸው። እየሞሉ ሳለ በእጄ ጀርባ አንድ በአንድ ነካኋቸው። የሞቀ ሁሉ ወጣ። ሌሎቹ ለአንድ ሳምንት ምንም ሳይነኩ ተቀመጡ። ቮልታቸው በራሱ ጊዜ የወረደም ወጣ። በእነዚህ ሁለት ወንፊቶች 22 ሄዱ፣ 157 ቀሩ።

ከዚያ አቅም መለካት መጣ። ሞልቶ፣ አውርዶ፣ ስንት እንደሰጠ መጻፍ። ሌሊት ሁሉ ተነስቼ ሴል ቀይሬያለሁ። ውጤቱ እንዲህ ሆነ። ከ1,800 ሚሊአምፒር-ሰዓት (የሴል አቅም መለኪያ ነው) በላይ የሰጡ 92፣ ከ1,400 እስከ 1,800 የሰጡ 41፣ ከዚያ በታች 24። አዲስ ሲሆኑ አብዛኞቹ 2,200 አካባቢ ነበሩ። ከተጣለ ዕቃ ከግማሽ በላይ ሊሠራ የሚችል አገኘሁ ማለት ነው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ቀን 27

የሳጥኑ አሠራር ቀላል ነው። ሦስት ሴል ጎን ለጎን። ተከታትለው ቢያያዙ እያንዳንዱን ማመጣጠን ያስፈልግ ነበር፣ ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን ቮልታቸው በራሱ ይስተካከላል። እያንዳንዱ ሴል የራሱ ቀጭን ፊውዝ አለው። አንዱ ቢበላሽ ሁለቱን ይዞ አይጠፋም። በቀለጠ ብረት (በሶልደር) አላያያዝኳቸውም፣ ሙቀቱ ሴሉን ይጎዳል። ነጥብ በነጥብ በሚበይድ ማሽን ነው የሠራሁት። ከመጠን በላይ እንዳይሞላና ከመጠን በላይ እንዳይወርድ የሚከላከል ትንሽ ሰሌዳ አለው። 1 ዋት የኤልኢዲ መብራት፣ አንድ የስልክ መሙያ ቀዳዳ፣ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ። ሙሉ ሲሆን 20 ዋት-ሰዓት አካባቢ ይይዛል። መብራቱን 6 ሰዓት አብርቶ ስልክ ሞልቶ ይተርፈዋል።

ለመጀመሪያው ሙከራ 8 ሳጥን ሠራሁ። ሴሎቹን የወሰድኩት ከመካከለኞቹ ነው። ለሽያጭ ይበቃሉ ብዬ። ነገ ገበያ አወጣቸዋለሁ።

ቀን 43

ስምንቱም ተሸጡ። ሥራው ግን አልሆነም።

ዋጋ የጠየቀኝ ሰው ብዙ ነው። የገዙት ስምንቱ እነማን እንደሆኑ ሳስብ ግን ደነገጥኩ። አምስቱ ቤታቸው መብራት ያላቸው ናቸው። ሲጠፋ እንዲያበሩበት ነው የገዙት። እኔ ያሰብኳቸው፣ ማታ ማታ ኩራዝ የሚያበሩት፣ ሳጥኑን አገላብጠው አይተው «ጥሩ ነው፣ ግን አሁን አልችልም» ብለው መለሱልኝ። ለነጭ ጋዝና ለሻማ በየቀኑ የሚያወጡት ተደምሮ ከሳጥኑ ዋጋ በብዙ ይበልጣል። ግን ሁሉንም አንድ ላይ አውጥተው አያውቁም። በአንድ ቀን ያን ያህል ገንዘብ እጃቸው ላይ አይገኝም።

ሌላም አለ። ከስምንቱ ሦስቱ ተበላሽቶ ተመለሰ። አንዱን ባልሆነ ቻርጀር ሞልተውታል። ሁለቱ ጭራሽ አልቆባቸው ለሳምንት ተቀምጠዋል። ሴሎቹም ከመጀመሪያው ደካሞች ነበሩ፣ እኔ ነኝ የመረጥኳቸው። ለምን ደካሞቹን እንደመረጥኩ ራሴን ስጠይቅ መልሱ ግልጽ ነው። ሽጬ የምለየው ዕቃ ስለሆነ ነው። ስለ ዕድሜው የሚጨነቀው ገዢው እንጂ እኔ አልነበርኩም። ይህ አላስተኛኝም። ለሦስቱም ከጥሩዎቹ ሴሎች ቀይሬ ልሰጣቸው ወሰንኩ። ሌሎቹ አምስት ሲመለሱም እንዲሁ።

ቀን 47

ሐሳቤን ቀየርኩ። ሳጥኑን አልሸጥም። ሌሊቱን ነው የምሸጠው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ዜሮክስ እ.ኤ.አ. በ1959 914 የተባለውን ፎቶ ኮፒ ማሽን ሲያወጣ ማሽኑ ለአብዛኞቹ ቢሮዎች የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ አከራየው። በወር 95 ዶላር፣ 2,000 ኮፒ በነፃ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው በኮፒ ጥቂት ሳንቲም። ሰዎች ማሽን አልፈለጉም፣ ኮፒ ፈለጉ። የእኔም ደንበኞች ባትሪ አይፈልጉም። ማታ ልጃቸው የሚያጠናበት ብርሃን ነው የሚፈልጉት።

ሂሳቤንም በሌሊት ኪራይ ቁጥር መያዝ ጀመርኩ። የአንድ ሌሊት ኪራይ አንድ ቤት ለኩራዝና ስልክ ለማስሞላት ከሚያወጣው ትንሽ ዝቅ ብሎ ተቆረጠ። ሌላው ወጪ ሁሉ በዚያ ይለካል። የአንድ ሳጥን ወጪ እንዲህ ሆነ። ሴል 9 ሌሊት፣ ሰሌዳ 8፣ ሳጥኑ ራሱ 13፣ መብራትና ማብሪያ 7፣ ፊውዝና ሽቦ 4፣ ትራንስፖርት 5። ድምሩ 46 ሌሊት። ገርሞኛል። ከሁሉም ውዱ ባዶው የፕላስቲክ ሳጥን ነው። በልቤ ሙሉውን ወጪ ባትሪው የሚበላ ይመስለኝ ነበር።

ይህ አቆጣጠር ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ዕቃ ልጨምር ሲያምረኝ «ስንት ሌሊት ያስከፍለኛል?» እላለሁ። ባለ ቀለም መብራት 6 ሌሊት ያስከፍል ነበር። ተውኩት።

ቀን 52

በ10 ሳጥን ኪራይ ጀመርኩ። ከ92ቱ ጥሩ ሴሎች የተሠሩ ናቸው። አንድ 100 ዋት ሶላር ፓነል ጣሪያ ላይ ሰቀልኩ። ለ5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ሲያገኝ ከሚባክነው በኋላ 350 ዋት-ሰዓት ገደማ ይሰጣል። አንድ ሳጥን በየዕለቱ የሚፈልገው 12 ያህል ነው። በወረቀት ሲታይ ይበቃል።

ማስያዣ የ10 ሌሊት ኪራይ አደረግኩ።

ቀን 58

ማስያዣው አጥር ሆኖባቸዋል። ከስድስት ሰው አራቱ እዚያ ላይ ይመለሳሉ። መግዛት ያልቻለው ሰው ማስያዣም አይችልም፤ ቀድሞ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

የምጣኔ ሀብት መምህሩ መሐመድ ዩኑስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባንግላዴሽ ውስጥ ብድር ሲጀምር የገጠመው ይኸው ነበር። ድሃ ማስያዣ የለውም፣ ባንክ ያለ ማስያዣ አያበድርም። እሱ የጀመረውና እ.ኤ.አ. በ1983 ባንክ የሆነው ግራሚን ማስያዣውን ትቶ አምስት አምስት ሰው በሚሆኑ ቡድኖች ላይ ተደገፈ። የእኔ ጉዳይ ትንሽ ነው፣ ግን መንገዱ ይሠራል ብዬ ገመትኩ። ከዛሬ ጀምሮ ማስያዣ የለም። ሁለት ጎረቤት «እናውቀዋለን» ይበል፣ በቃ።

ቀን 66

ሦስት ቀን ደመና። ፓነሉ የሚሰጠው ከሩብ በታች ወረደ። ትናንት ማታ አራት ቤት ሳጥን ሳይሰጣቸው ተመለሱ።

ከእነሱ አንዷ ከሕፃን ልጇ ጋር መጥታ ነበር። «ኩራዙን ለሰው ሰጥቼዋለሁ እኮ» አለችኝ። አልተቆጣችም። ዝም ብላ ነው የነገረችኝ። ያ ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። ሰው የድሮውን ነገር ጥሎ በእኔ ላይ ሲደገፍ እኔ ልጠፋበት አልችልም።

ዛሬ ሁለተኛ ፓነል ገዛሁ። አምስት ሙሉ ሳጥን ሁልጊዜ መጠባበቂያ ሆነው ይቀመጣሉ። ለኪራይ አይወጡም፣ ደመና ካልሆነ በስተቀር። ሂሳቡ ላይ ቦዝነው የተቀመጡ ይመስላሉ። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚሠሩት እነሱ ናቸው እላለሁ።

ቀን 71

ከደንበኞቼ አንዷ ልብስ ሰፊ ናት። ሰሞኑን እሷ ዘንድ ሄጄ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። መብራቱን እንዴት እንደምትጠቀምበት ማየት ፈልጌ ነው።

ሳጥኑን ከስፌት መኪናው ጭንቅላት በላይ በገመድ አንጠልጥላዋለች። ብርሃኑ ግን ከኋላ ስለሚመጣ የራሷ እጅ ጥላ መርፌው ላይ ይወድቃል። ክር ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞከረች። ከዚያ ሳጥኑን አውርዳ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ክሩን አስገብታ፣ መልሳ ሰቀለችው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ይህን አምስት ጊዜ አደረገች። እኔ መብራቱ በቂ ነው ወይ እያልኩ ዋትና ሉመን ስቆጥር ነበር። የሚያስፈልጋት የሚተጣጠፍ አንገት ነው። 2 ሌሊት የሚያስከፍል ወፍራም ሽቦ። በማግስቱ ሠራሁላት።

ስለ ክፍያም አወራን። በወር ብትከፍል ቅናሽ ላደርግላት ፈልጌ ነበር። «በወር ስትለኝ እፈራለሁ» አለች። «እኔ የዛሬን ነው የማውቀው። ሱሪ ካሳጠርኩ ዛሬ እከፍልሃለሁ። በወር አንድ ላይ አምጪ ካልከኝ ግን ከየት አመጣለሁ?»

ህንድ ውስጥ ሴልኮ የተባለውን የሶላር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ከመሠረቱት አንዱ ሃሪሽ ሃንዴም ከአንዲት የመንገድ ላይ ነጋዴ ተመሳሳይ ነገር እንደተማረ ተናግሯል። የወሩ ክፍያ ውድ ነው ያለችው ሴት ያንኑ ገንዘብ በቀን ሲከፋፈል እችላለሁ አለች። ገንዘቡ አንድ ነው። የሚመጣበት ሰዓት ነው የሚለየው። ስለዚህ የክፍያ ቀን እኔ አልወስንም። ዕለት ተከፋይ በዕለት፣ በገበያ ቀን የሚሸጥ በገበያ ቀን፣ ደሞዝተኛ በወር። ለመያዝ ትንሽ ያስቸግራል። ግን ከተጀመረ ወዲህ ያልተከፈለ ሌሊት በጣም ቀንሷል።

ቀን 80

ሳጥኖቹ 30 ደረሱ። እኔ ደግሞ ደከምኩ። ጠዋት መሰብሰብ፣ ማታ ማደል፣ ቀን መጠገን። በዚህ ዓይነት አይቀጥልም።

ሦስት የመቀየሪያ ቦታ አገኘሁ። አንዲት የሞባይል ካርድ የምትሸጥ ወጣት፣ አንድ ፀጉር አስተካካይ፣ አንድ የወፍጮ ቤት። ደንበኛው ባዶውን ያመጣል፣ ሙሉውን ይወስዳል። እኔ በቀን አንድ ጊዜ ዞሬ እቀይራለሁ። ከእያንዳንዱ ሌሊት 20 በመቶው የእነሱ ነው።

20 በመቶ ይበዛል ያሉኝ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ሰውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ማን እንደታመመ፣ ማን መንገድ እንደሄደ፣ ማን ነገ እንደሚከፍል ያውቃሉ። ያንን ዕውቀት እኔ በደሞዝ ልግዛው ብል አልችለውም።

ቀን 88

አንድ ወዳጄ «ለምን በስልክ የሚቆለፍ አታደርገውም?» አለኝ። ኤም-ኮፓ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ኬንያ ውስጥ ገበያ የገባው እንደዚያ ነው። ደንበኛው የሶላር ዕቃውን ወስዶ በሞባይል ገንዘብ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይከፍላል፣ ካልከፈለ ዕቃው ከርቀት ይቆለፋል፣ ከፍሎ ሲጨርስ የራሱ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ኤም-ፔሳ ባይኖር ግን ይህ አይታሰብም ነበር። ጥሩ መንገድ ነው፣ አከብረዋለሁ። ለእኔ ግን መቆለፊያ ሰሌዳው ብቻ ከ20 ሌሊት በላይ ያስወጣኛል። ደግሞም አያስፈልገኝም። የእኔ ሳጥን በየቀኑ ለመሞላት ይመለሳል። ያልከፈለ ሰው ሙሉ ሳጥን አይወስድም። መቆለፊያው መመላለሱ ራሱ ነው።

«ከፍሎ ሲጨርስ የራሱ ይሁን» የሚለው ላይ ግን ብዙ አሰብኩ። ሲንጀር እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ የልብስ ስፌት መኪና በየወሩ እየተከፈለ እንዲገዛ ያደረገው እንደዚያ ነው። ብዙ ቤት በዚያ የራሱ መኪና ኖረው። የስፌት መኪና ግን ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ብረት ነው። የእኔ ሴል አንድ ቀን ይሞታል። ያን ቀን የማን ነው? የደንበኛው ከሆነ ቦይ ውስጥ ይጣላል። የእኔ ከሆነ ወደ እኔ ይመለሳል። ስለዚህ ሳጥኑ የእኔ ሆኖ ይቆያል።

ቀን 96

ዛሬ አንድ ትንሽ ነገር ቀየርኩ። ቻርጀሮቹ እስከ 4.2 ቮልት ነበር የሚሞሉት። ወደ 4.1 ዝቅ አደረግኳቸው። የሚይዙት ኃይል 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የሴሉ ዕድሜ ግን በጣም ይረዝማል። እንደነዚህ ያለ የሊቲየም ሴል አፉ ድረስ ሲሞላ ቶሎ ያረጃል።

ስሸጥ በነበረበት ጊዜ ይህን አላደርገውም ነበር። ገዢ ፊት «8 ሰዓት ያበራል» ማለት ይሻላል። የዛሬ ዓመት የሚሆነው የእኔ ጉዳይ አልነበረም። አሁን ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ወር የእኔ ገቢ ነው። ሰውዬው እኔው ነኝ፣ ሴሉም ያው ነው። የተቀየረው ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ብቻ ነው። እሱ ሲቀየር እጄም የሚሠራው ተቀየረ። ዘላቂነት የሚባለውን ነገር ከመፈክር ይልቅ እዚህ ቻርጀር ላይ አየሁት።

ቀን 109

አንድ ሳጥን ተከፍቶ ተመለሰ። ሴሎቹ የሉም። ወፍጮ ቤቱ ጋ ነው የተቀመጠው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ጠይቄ ደረስኩበት። አንድ ልጅ ነው፣ ለስፒከሩ ኃይል ፈልጎ። አጎቱ ይዞት መጣ። የ20 ሌሊት ኪራይ የሚያክል ሥራ ከእኔ ጋር እየጠገነ ሊመልስልኝ ተስማማን። እጁ ጥሩ ነው። ሳጥኑን ሲከፍት አንድም ፊውዝ አላቃጠለም።

ነገሩ ግን ሌላ ጥያቄ አመጣ። የቀን ኃይል የሚፈልግ ሰው አለ ማለት ነው። ፀጉር አስተካካዩም ደጋግሞ ነግሮኝ ነበር፣ አልሰማሁትም። በስልክ መሙያ ገመድ የሚሞላ ማሽን አለው። አሁን በቀን ሁለት ሳጥን ይከራያል፣ በሌሊቱ ዋጋ ተኩል። ሳጥኑ እንዳይከፈት የጠበቀ ብሎን ልገዛ አስቤ ነበር። ያንን ትቼ የቀን ኪራይ ጀመርኩ።

ቀን 121

የሂሳብ ቀን። ያለፉት አራት ሳምንታት አማካይ ይኸው።

30ዎቹ ሳጥኖች በሳምንት 150 ሌሊት ገደማ ይሠራሉ፤ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ማለት ነው። የጠፋውን በመካከለኞቹ ሴሎች ተክቼዋለሁ። 20 በመቶ ለመቀየሪያ ቦታዎቹ። 10 በመቶ ለሴል መተኪያና ለሞቱት ማስወገጃ አስቀምጣለሁ። 105 ሌሊት ይቀራል።

የአንድ ሳጥን ወጪ 46 ነበር። የፓነሎቹና የቻርጀሮቹ ድርሻ 20 ሲጨመር 66 ይሆናል። ለ30 ሳጥን 1,980 ሌሊት። ለ105 ሲካፈል 19 ሳምንት። በ19 ሳምንት ወጪዬን እመልሳለሁ ብዬ ደስ አለኝ። ለወዳጄም ደወልኩ።

«ያንተ ደሞዝ የታለ?» አለኝ።

የለም። አልጻፍኩትም። አራት ወር ሙሉ ራሴን እንደ ነፃ ዕቃ ነው የቆጠርኩት። ለሥራዬ በሳምንት 40 ሌሊት ብቆርጥ 65 ይቀራል። 1,980 ለ65 ሲካፈል ከ30 ሳምንት ይበልጣል። እውነተኛው ቁጥር ይህ ነው። እኔ ነገ ብታመም ሥራውን የሚይዘው ሰው በነፃ አይሠራም። የራሳቸውን ድካም ሳይቆጥሩ «አተረፍኩ» የሚሉ ጀማሪዎችን አውቃለሁ፣ እኔም ከእነሱ አንዱ ልሆን ነበር። ይህን የሚያነብ ሰው ዛሬውኑ ደብተሩን ከፍቶ የራሱን ደሞዝ ይጻፍ።

ስለዚህ አሁን ትልቁ ጥያቄ ሴሎቹ ከ30 ሳምንት በላይ ይኖራሉ ወይ የሚለው ነው። የ4.1 ቮልቱ ነገር ቀልድ አይደለም።

ቀን 138

የሞቱት ሴሎች 107 ደርሰዋል። የእያንዳንዳቸው ጫፍ በላስቲክ ታሽጎ፣ አሸዋ ባለበት የብረት በርሜል ውስጥ፣ ከቤት ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። አይቃጠሉም፣ አይበሱም፣ አይጣሉም።

እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተፈጥሯል። በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። የእኔ በርሜል በዚያ ውስጥ ጠብታ ናት። ግን ጠብታዋ የእኔ ናት። መልሰው የሚያቀልጡት ፋብሪካዎች ጥቂት ሴል አይቀበሉም፣ ብዛት ይፈልጋሉ። ሁለት ሌሎች ጠጋኞችን አግኝቼ አብረን እንድናጠራቅም ተስማምተናል። ለማጓጓዣው ከ10 በመቶው ላይ እየተቀመጠ ነው።

ቀን 150

ዛሬ ከ10 ሳጥን አንድ አንድ ሴል አውጥቼ እንደገና ለካሁ። ሲጀምሩ አማካያቸው 2,040 ሚሊአምፒር-ሰዓት ነበር። አሁን 1,960 ነው። 4 በመቶ ገደማ ወርደዋል። ሁለት ጊዜ ለካሁት፣ ያው ነው። በዚህ ከቀጠሉ 30ውን ሳምንት ያልፋሉ።

ማታ የሞባይል ካርድ ሻጯ ዘንድ ስቆም ደብተር አወጣች። የራሷን ሂሳብ ይዛ ነበር። በእሷ በኩል በሳምንት ስንት ሌሊት እንደሚያልፍ፣ ስንት ሰው ሳጥን አጥቶ እንደሚመለስ፣ ሁሉንም ጽፋዋለች። «እኔ ራሴ ብሞላውስ?» አለችኝ። «ፓነሉን አንተ ስጠኝ፣ ከሌሊቱ 20 መሆኑ ቀርቶ 45 በመቶ ውሰጂ በለኝ። አንተ ጥገናውን ያዝ።»

መንገድ ላይ ደመርኩት። መመላለሱ ከቀረልኝ ከ40ው የሳምንት ሌሊቴ ሲሶው ይተርፋል። በእሷ ቦታ ብቻ የሚጠፋውን ሰው ብናስቀር ለሁለታችንም ያዋጣል። የከበደኝ አንድ ነገር ነው። ቻርጀሩን ከ4.1 ወደ 4.2 የመመለስ ፈተና አሁን የእሷ ይሆናል፣ ደንበኛ «ቶሎ አለቀ» ሲላት። ስለዚህ ከመተኪያው 10 በመቶ ሳይነካ የቀረውን በዓመቱ መጨረሻ እኩል ልንካፈል ሐሳብ አቀረብኩላት። ሴሉ ቢረዝም እሷም ታገኛለች። በስልክ ነው የነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ «ደብተሬ ላይ ልጻፈው» አለች።

ነገ ጠዋት ፓነሉን ይዤ እሄዳለሁ። ከጣሪያዋ በስተምሥራቅ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። ጥላው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ መጀመሪያ እሱን እናያለን።